«ለሁሉ ዘመን አለው» ከማለትሽ በፊት

ጥያቄው፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ከመጽሐፈ መክብብ ምዕራፍ 3 ከቁጥር 1 እስከ 15 ያለውን እንድሰብክ ተመድቤያለሁ። ሦስት ሳምንት አለኝ። የተሰጠኝ ሰዓት 40 ደቂቃ ነው። መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እውነቱን ለመናገር ጨነቀኝ። ‹ከንቱ› ብሎ ይጀምርና ‹ከንቱ› ብሎ ይዘጋል። ከሚሰሙኝ ወጣቶች ብዙዎቹ ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ አንድ ወንድማችን በባጃጅ አደጋ ሞቶብናል። እኅቱ ሁልጊዜ ከፊት ነው የምትቀመጠው። ይህን ክፍል ለእነዚህ ሰዎች እንዴት ልስበከው? ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። «ጨነቀኝ» ማለትሽን ወድጄዋለሁ። መጽሐፉን በትክክል እንዳነበብሽው ነው የነገረኝ።

የስብከት ዝግጅት ሳስተምር ብዙ ተማሪዎች ይህን ክፍል ይመርጣሉ። ግጥሙ ያምራል፣ ሰውም በቃሉ ያውቀዋል፣ ስለዚህ ቀላል ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ስብከቱ የሚበላሽባቸው ግን በአንድ ነገር ነው። ይቸኩላሉ። በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው «ሰባኪው» ጥያቄውን ጠይቆ ሳይጨርስ መልስ ይሰጡለታል። በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ሁሉም ነገር ተፈቷል። የቀረው 35 ደቂቃ ማበረታቻ ነው። የሥራ ማመልከቻው ሃያ ጊዜ የተመለሰበት ልጅ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ያስደግፍና ስልኩን ያወጣል። እኔ አልፈርድበትም።

ይህን የምልሽ ከዳር ቆሜ አይደለም። ከዓመታት በፊት እዚሁ ሐዋሳ አንድ ለቅሶ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። የሞተው ወጣት ነው። ድንኳኑ ሞልቷል፣ ንፍሮው እየዞረ ነው። እናትየው መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፎላት፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። «ሁለት ቃል በሉን» ተባልኩ። መጽሐፍ ቅዱሴን ከፈትኩና «ለሁሉ ዘመን አለው» ብዬ ጀመርኩ። ለመወለድ ጊዜ አለው፣ ለመሞትም ጊዜ አለው። እናትየው ቀና አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ለልጄ ጊዜው ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ጸሎት አደረጉና አለፈ። እኔን ግን አላለፈኝም። ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ምዕራፍ 3ን እንደ አዲስ አነበብኩት። ቁጥር 7 ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ለመቅደድ ጊዜ አለው፥ ለመስፋትም ጊዜ አለው፤ ዝም ለማለት ጊዜ አለው፥ ለመናገርም ጊዜ አለው።» ያነበብኩላት ግጥም ራሱ ዝም በል ይለኝ ነበር።

ዝግጅትሽ ከዚህች ቁጥር ቢነሣ ደስ ይለኛል። በጥንቱ የዕብራውያን ወግ ሰው ሲሞትበት ልብሱን ይቀድዳል። ያዕቆብ ዮሴፍ የሞተ መስሎት ቀድዷል፣ ዳዊትም ለሳኦልና ለዮናታን ቀድዷል። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ከሩቅ ሲያዩት ልብሳቸውን ቀደዱ፤ ከዚያ 7 ቀንና 7 ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል የተናገረው አልነበረም። ስለዚህ ብዙ ተርጓሚዎች የቁጥር 7ን ሁለት ጥንዶች አንድ ላይ ያነቧቸዋል። ልብስ የሚቀደድበት ጊዜ የዝምታ ጊዜ ነው። ልብሱ የሚሰፋበት ጊዜ ደግሞ የንግግር ጊዜ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም መልካም የሠሩት በእነዚያ 7 ቀናት ነው። ችግሩ የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ከሚሰሙሽ ወጣቶች መካከል ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የስፌት ማሽን ላይ የሚውሉ ይኖራሉ። ስለ መስፋት ካንቺም ከእኔም በላይ ያውቃሉ። የተቀደደ ጨርቅ ሲሰፋ መስመሩ ይቀራል፣ እንዳልተቀደደ አይሆንም። ይህን ለእነሱ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ቁጥሩን ብቻ ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ምንም ስብከት አትጻፊ። 12ቱን ምዕራፍ አንድ ጊዜ ተቀምጠሽ፣ ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢው። መጽሐፉ 222 ቁጥር ብቻ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው። በማግስቱ በሌላ ትርጉም ድገሚው። የ1954ቱን እና አዲሱን መደበኛ ትርጉም ጎን ለጎን ብታደርጊ ይበቃሻል። ባለቀለም እስክሪብቶ ያዢና አራት ነገር አስምሪ፦ «ከንቱ» የሚለውን፣ «ከፀሐይ በታች» የሚለውን፣ «ትርፍ» የሚለውን፣ መብላትና መጠጣት፣ በድካምም ደስ መሰኘት የሚመጣበትን ቦታ ሁሉ። አራተኛው ያስደንቅሻል። ደስታን የሚያመሰግኑ 7 ቦታዎች ታገኛለሽ፦ ምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ፣ ምዕራፍ 3 ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ በ5 መጨረሻ፣ በ8፣ በ9 እና በ11። እየቆየ ሲሄድ ድምፁ ይበረታል። መጀመሪያ «ከዚህ የሚሻል የለም» ይላል፤ ምዕራፍ 9 ላይ ሲደርስ «ሂድ፣ እንጀራህን በደስታ ብላ» ብሎ ያዛል። መጽሐፉን ጨለማ ነው የሚሉት ሰዎች ይህን መስመር ዘለውታል።

አይሁድም ይህን ያወቁት ይመስለኛል። በብዙዎቹ ዘንድ መክብብ በዳስ በዓል ባለው ሰንበት ይነበባል። የዳስ በዓል የሐዘን በዓል አይደለም፤ መከር የገባበት፣ ደስ እንዲላቸው የታዘዙበት በዓል ነው። ግን 7 ቀን የሚቀመጡት በቅርንጫፍ በተሸፈነ ጎጆ ውስጥ ነው። ነፋስ በሚገባው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ መክብብን ያነባሉ።

ስለ «ከንቱ» ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ስህተት የሚጀምረው እዚህ ነውና።

በዕብራይስጡ ቃሉ «ሄቤል» ነው። በመጽሐፉ ውስጥ 38 ጊዜ ይመጣል። መነሻ ትርጉሙ እስትንፋስ፣ እንፋሎት ነው። ቃየን የገደለው የአቤል ስምም በዕብራይስጥ ይኸው ቃል ነው። ታይቶ የጠፋ ልጅ፣ ስሙም እስትንፋስ። በእኛ ጆሮ ግን «ከንቱ» ሌላ ክብደት አለው። «ከንቱ ሰው» ስንል እርባና የሌለው ማለታችን ነው። «በከንቱ ደከምኩ» ስንል ባልጀመርኩት ይሻለኝ ነበር ማለታችን ነው። ስለዚህ ወጣቱ «ሁሉ ከንቱ ነው» ሲባል የሚሰማው «ሥራህ ዋጋ የለውም፣ ትምህርትህ ዋጋ የለውም፣ ዝም ብለህ ሰማይ ሰማይ እይ» የሚል ነው። ሰባኪው ይህን አላለም።

ቅዳሜ ማለዳ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሂጂ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሳቸውን ደፍተው ትርፍራፊ ዓሣ ይጠብቃሉ። ጀልባ ይገባል፣ መረብ ይራገፋል። ትኩስ የዓሣ ሾርባ ግዢና ብርጭቆውን በሁለት እጅሽ ያዢው። እንፋሎቱ ይወጣል። ይታያል፣ ይሸታል፣ ፊትሽን ያሞቃል። እውነተኛ ነገር ነው። እጅሽን ዘርግተሽ ልትጨብጪው ብትሞክሪ ግን ባዶ ነው የምትጨብጪው። ሄቤል ይህ ነው። የለም ማለት አይደለም፤ ዋጋ የለውም ማለትም አይደለም። አይያዝም፣ አይቆይም ማለት ነው። ሰባኪው «ነፋስን እንደ መከተል» የሚለው ይህንኑ ነው። ያዕቆብም በመልእክቱ ምዕራፍ 4 ላይ «እንፋሎት ናችሁና» ሲል ከዚህ ብዙም አልራቀም።

ስብከትሽ ላይ «ከንቱ» የሚለውን ቃል ከትርጉሙ አትሰርዢው። ሕዝቡ በእጁ የያዘው መጽሐፍ እንዲያ ይላል፤ መድረክ ላይ ቆሞ ትርጉም ማረም ሰው መጽሐፉን እንዲጠራጠር እንጂ እንዲወደው አያደርግም። አንድ ጊዜ ብቻ አስረጂና እንፋሎቱን አሳይያቸው፤ ከዚያ በኋላ ራሳቸው ያነቡታል። ደግሞም አስተውይ፦ ከቁጥር 1 እስከ 15 ባለው ውስጥ ሄቤል የሚለው ቃል አንድም ጊዜ የለም። ቁጥር 19 ላይ ነው የሚመጣው። ስለዚህ 10 ደቂቃ አትፍጂበት። ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

ሁለተኛው ቃል «ትርፍ» ነው። በዕብራይስጥ «ይትሮን» ይባላል። 10 ጊዜ ይገኛል፤ በሌላ በየትኛውም የብሉይ ኪዳን መጽሐፍ ውስጥ የለም። የገበያ ቃል ነው፤ ሁሉ ተቀናንሶ የሚተርፈውን የሚናገር ነው። የባጃጅ ሹፌር ማታ ላይ እንዴት እንደሚቆጥር አይተሻል? ብሩን ከኪሱ አውጥቶ ጭኑ ላይ ያስተካክለዋል። የባለቤቱን ገቢ ይለያል። የቤንዚኑን ይለያል። ጎማ ከተነፈሰ የእሱን ይለያል። ከዚያ እጁ ላይ የቀረውን ትንሽ ብር አይቶ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ቁጥር 9 ነው፦ «ለሠራተኛ የድካሙ ትርፍ ምንድር ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምንሽ። ግጥሙን ከቁጥር 9 አትለይው። ከ1 እስከ 8 ያለውን ብቻ አንብቦ መስበክ ልማድ ሆኗል። የሠርግ ካርድ ላይ የሚጻፈውም፣ ለቅሶ ላይ የሚነበበውም እስከዚያ ድረስ ነው። እኔም ያን ቀን ያነበብኩት እስከዚያ ነበር። ግጥሙ ብቻውን ሲቆም «ሁሉ በሥርዓቱ ነው፣ አትጨነቅ» የሚል ይመስላል። ሰባኪው ግን 14ቱን ጥንድ ደርድሮ እንደጨረሰ ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ የሹፌሩን ጥያቄ ነው። መወለድ ሲደመር መሞት፣ መትከል ሲደመር መንቀል፣ ማፍረስ ሲደመር መሥራት፤ ሲቻቻል ምን ተረፈ? ግጥሙ ውበት አለው፣ ግን የሚያስደነግጥ ውበት ነው። የሟች እናት ያን ያህል ድንጋጤ የሰማችው ለዚህ ነው። እሷ ከእኔ በተሻለ አድምጣዋለች።

ሌላም ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ግጥሙ የምርጫ ዝርዝር አይደለም። «አሁን የምን ጊዜ እንደሆነ ለይተህ እወቅ፣ እንደ ጊዜው ኑር» የሚል ስብከት ብዙ ሰምቻለሁ። ግን የመጀመሪያው ጥንድ ምንድን ነው? መወለድና መሞት። የተወለደበትን ቀን የመረጠ አለ? ከዚህ የጀመረው አውቆ ነው። የተቀሩትን 13 ጥንዶችም በዚህ ብርሃን እንድናነባቸው ይፈልጋል። ጊዜው ይመጣብናል፤ እኛ አናመጣውም።

ለሐዋሳ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ቀኑ በካላንደር ላይ ታትሞ አይመጣም። አያንቶዎቹ ከዋክብቱን አይተው፣ ቆጥረው፣ ለሽማግሌዎች ያሳውቃሉ፤ ከዚያ ሕዝቡ ወደ በዓሉ አደባባይ፣ ወደ ጉዱማሌ ይወጣል። ጊዜውን ሰው አልሠራውም፤ ጠብቆ አነበበው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብም ይህ የጊዜ አቆጣጠር ዕውቀት አብሮ ነው የታወቀው። ምሳሌው በጣም ይገጥማል። ግን በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን የከዋክብት ነገር ሲነሣ ቅር የሚላቸው አሉ። አስቀድመሽ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ። ቅር ካላቸው ተይው። አንድ ምሳሌ ለማዳን ብለሽ 40 ደቂቃ አታጪ።

ስለ ድንጋዩ የሚጠይቅሽም አይጠፋም፤ ቁጥር 5፣ «ድንጋይን ለመጣል ጊዜ አለው፥ ድንጋይንም ለመሰብሰብ»። አንዳንዱ እርሻን ስለ ማበላሸትና ስለ ማጽዳት ነው ይላል። የጥንት ረቢዎች ደግሞ ስለ ባልና ሚስት ግንኙነት ነው ብለውታል። ሁለቱንም አውቀሽ እለፊው። ስብከቱ የድንጋይ ትምህርት እንዳይሆን።

ስለ ጸሐፊውም እንዲሁ። መጽሐፉ «የዳዊት ልጅ» ይላል እንጂ ሰሎሞን የሚለውን ስም አንድ ጊዜም አይጠራም። ራሱን የሚጠራው «ቆሄሌት» ብሎ ነው፤ ጉባኤ ሰብሳቢ፣ በጉባኤ ፊት የሚናገር ማለት ነው። የኛም «መክብብ» የሚለው ስም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ሰዎችን ዙሪያው የከበበ። ዕብራይስጡ ውስጥ ከፋርስ ቋንቋ የገቡ ቃላት አሉ፦ ምዕራፍ 2 ላይ ለአትክልት ቦታ የተሰጠው «ፓርዴስ» እና ምዕራፍ 8 ላይ ለፍርድ ቃል የተሰጠው «ፒትጋም»። በዚህና በሌላም ምክንያት ብዙ ሊቃውንት መጽሐፉ በአሁኑ መልኩ የተጻፈው ከሰሎሞን ዘመን በጣም ዘግይቶ ነው ይላሉ። ቤተ ክርስቲያን በልማድ ለሰሎሞን ትሰጠዋለች። ሁለቱንም እወቂ። መድረክ ላይ ግን መጽሐፉ ራሱ እንዳደረገው «ሰባኪው» በዪ። ልጁን ያጣ ቤተሰብ ፊት ስለ ፋርስ ቃላት ማውራት ጊዜው አይደለም።

አሁን የክፍሉ ልብ ወደሆነችው ቁጥር 11 እንምጣ። ሁለተኛውን ሳምንት በሙሉ እዚህ ብታሳልፊ አይጸጽትሽም።

መጀመሪያ ይህን ቁጠሪ። ከቁጥር 1 እስከ 8 እግዚአብሔር አንድ ጊዜም አልተጠራም። ከቁጥር 10 እስከ 15 ግን 6 ጊዜ ተጠርቷል። ሰባኪው ስለ ሕይወት መፈራረቅ ሲናገር ቆይቶ፣ የትርፍ ጥያቄውን ጠይቆ፣ ከዚያ ወደ እግዚአብሔር ይዞራል። ዞሮ የሚለው ሁለት ነገር ነው። ሁሉን በጊዜው ውብ አድርጎ ሠራው። ደግሞም ዘላለምነትን በሰው ልብ ሰጠ። ግን ሰው እግዚአብሔር የሠራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መርምሮ አያገኘውም።

«ዘላለምነት» የተባለው በዕብራይስጥ «ዖላም» ነው። ጮክ ብለሽ በዪው። ዓለም፣ ዘለዓለም። ግእዝ የዕብራይስጥ ዘመድ ነውና ቃሉ እኛም ቤት አለ። የአንድምታ መምህራን እንደሚያደርጉት «አንድም» እያሉ ማየት ይቻላል። አንድም ዘላለም ነው። አንድም ዓለም ነው፣ ዘመናት ሁሉ። አንድም ሥሩ መሰወርን ያሳያል፤ መጽሐፉ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ስለ «ተሰወረው ነገር» ሲናገር የሚጠቀመው ይህንኑ ሥር ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ግን ሦስተኛውም በጀርባ እንዲሰማ እፈልጋለሁ። ትልቁን ሥዕል የማየት ናፍቆት ተሰጥቶናል፤ ትልቁ ሥዕል ግን ከእኛ ተሰውሯል። «ለልጄ ጊዜው ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ አየሽ? ከአለማመን አይደለም። እግዚአብሔር ራሱ ልቧ ውስጥ ካስቀመጠው ነገር ነው የሚመጣው። በሬ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ሰው ይጠይቃል፤ መልሱን ደግሞ አያገኘውም።

ይህን ከመድረክ በግልጽ ንገሪያቸው። «ለምን?» ብሎ የጠየቀ ወጣት እምነቱ ደክሟል አትበይ። ሰባኪው እንደዚያ አላለም።

የስብከትሽን ማእከላዊ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ ጊዜያችንን የያዘው እኛ አይደለንም፤ ስለዚህ የተሰጠንን የዛሬ እንጀራ ከእግዚአብሔር እጅ እንቀበላለን፣ ያልገባንንም ለእርሱ እንተዋለን። አንቺ በራስሽ ቃል ጻፊው። በአንድ ትንፋሽ መናገር ካልቻልሽ ገና አልበሰለም።

ቁጥር 12 እና 13 ላይ መብላትና መጠጣት ይመጣል። አንዳንድ ሰባኪ ያፍርበታል። አትፈሪ። «የእግዚአብሔር ስጦታ» ነው ያለው። ሥራ ያጣ ልጅ ማታ ከእናቱ ጋር በአንድ ትሪ ሽሮ የበላ እንደሆነ፣ ያ ምሽት ባዶ አልነበረም። ግን ጥንቃቄ አድርጊ። «ሥራ ባታገኝም ተደሰት» ከሆነ ቀልድ ይሆንበታል። ሰባኪው ደስታን የሚያያይዘው ከድካም ጋር ነው፤ ሥራውን አላቃለለም። ዝቅ ብሎ ቁጥር 16 ላይ ደግሞ በፍርድ ወንበር ላይ ክፋት መቀመጡን አይቶ ይናገራል። የተዘጋ በር አውቆ ነው የሚያወራው። ቁጥር 16 ከክፍልሽ ውጭ ቢሆንም፣ እዚያ እንዳለ አንድ ዓረፍተ ነገር ጠቁሚ። ፍትሕ የተጓደለበት ሰው መጽሐፉ እንደሚያውቀው ይስማ።

ክርስቶስን መቼ ላምጣው? ብለሽ እንደምታስቢ አውቃለሁ። በአምስተኛው ደቂቃ አይሁን። ከ30ኛው በኋላ ይሁን። ሁለት መንገድ አለሽ። አንዱ ሮሜ 8፥20 ነው፤ «ፍጥረት ለከንቱነት ተገዝቷልና» ይላል። እዚያ የገባው የግሪክ ቃል ጥንታዊው የግሪክ ብሉይ ኪዳን ሄቤልን የተረጎመበት ያው ቃል ነው። ጳውሎስ መክብብን አልካደውም፤ ተስፋ ጨመረበት። ይህ መንገድ ጠንካራ ነው፤ ማብራሪያ ግን ይፈልጋል።

እኔ ላንቺ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ዮሐንስ 11ን። ኢየሱስ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው ያውቃል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያያል፤ እኛ የተሰወረብን አልተሰወረበትም። ከዚያ ማርያም ስታለቅስ አያትና እንባውን አፈሰሰ። ሊያስነሣው ከሆነ ማልቀሱ ለምን አስፈለገ? ለማልቀስ ጊዜ ስላለው። ትንሣኤው ጥቂት ደቂቃ ቀርቶትም እንኳ የልቅሶውን ጊዜ አልዘለለውም። ይህን ካልሽ በኋላ ብዙ አትናገሪ።

ሦስተኛው ሳምንት የጽሕፈትና የመቁረጥ ነው። ለጆሮ ጻፊ። ሙሉውን ከጻፍሽ በኋላ ቤት ውስጥ ቆመሽ፣ ሰዓት ይዘሽ ተናገሪው። 40 ደቂቃ ከተሰጠሽ 33 ላይ ጨርሺ። የሚቆረጥ ስትፈልጊ ከማብራሪያው ቁረጪ፤ ከንባቡ አትቁረጪ። አንድ የሚያምር ምሳሌ ሁሌም ይተርፋል፣ እሱንም ቁረጪ። እኔ ምዕራፍ 1ን ስሰብክ «ወንዞች ሁሉ ወደ ባሕር ይሄዳሉ፣ ባሕሩ ግን አይሞላም» የሚለውን ለማስረዳት ጥቁር ውሃን አነሣ ነበር። ወንዙ ሐይቃችን ውስጥ ይገባል፣ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ደግሞ የለም። የኢየሩሳሌም ሰውም ዮርዳኖስ ወደ ሙት ባሕር ሲገባ እንዲሁ ያይ ነበር። ደስ የሚል ምሳሌ ነው። ለምዕራፍ 3 ግን አይሆንም። ላንቺም እንዲህ የሚያጓጓሽ ነገር ይመጣብሻል።

ንባቡን ራስሽ አንብቢው፤ ለሌላ ሰው አትስጪ። 14ቱን ጥንድ እንደ ማስታወቂያ አትሩጪባቸው። በእያንዳንዱ ጥንድ መሃል ትንፋሽ ውሰጂ። «ለማልቀስ ጊዜ አለው» ስትይ ወደ ወረቀቱ እይ። ወደ ሟቹ እኅት አትይ።

የመዘምራኑን መሪም ቀድመሽ አነጋግሪው። ስብከቱ እንዳለቀ ኪቦርዱ እንዳይጀምር። አንድ ሁለት ደቂቃ ዝምታ ይኑር። ወጣቶቹ መጀመሪያ ይጨንቃቸዋል፣ ይቁነጠነጣሉ። ቁሚበት።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ከዕለቱ በፊት፣ ቢቻል በሁለተኛው ሳምንት፣ የሟቹ ቤተሰብ ቤት ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ ብቻሽንም አትሂጂ፣ ልጁን የምታውቅ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። ቡና ካፈሉልሽ እስከ በረካው ተቀመጪ። ከዚያ ለእኅቱ በቀጥታ ንገሪያት፦ «እኔ ነኝ የምሰብከው፣ ክፍሉ መክብብ 3 ነው፣ ስለ ሞትም ይነሣል።» የወንድሟ ስም እንዲጠራ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት። አይሆንም ካለች አትጥሪው፤ በዘወርዋራም አትጥቀሺው። ይጠራ ካለች ደግሞ ምን እንድትዪ እንደምትፈልግ ከእሷ አፍ ስሚና እንዳለችው ጻፊው። ያን ቀን ከፊት መቀመጥ ከከበዳት ከበሩ አጠገብ ቦታ ያዢላት።